በቀጥታ ሥርጭት መተዳደር ለምን ከባድ ሆነ? ከስልክ ወደ ስልክ የሚላከው ስጦታስ የት ይቀራል?

በዋሽንግተን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ላይ፣ እንደ ወቅቱ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ወይም አስር ሰዓት ነው። አሜሪካ የሚኖረው ተመልካች ከሥራ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ ስልኩን የሚያነሳው በዚህ ጊዜ ነው። ከእርሱ ስጦታ የሚጠብቅ የቲክቶክ የቀጥታ ሥርጭት አቅራቢም ከተማው ሲተኛ ይነቃል። መብራቱን ያስተካክላል፤ ስልኩን ማቆሚያው ላይ ያደርጋል፤ "እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ታፕ ታፕ፣ ሼር እያደረጋችሁ" ብሎ ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። አንድ ሌሊት የማያውቀው ሰው በመቶዎች ዶላር የሚገመት ስጦታ ሊልክለት ይችላል። ቀጣዮቹን አስር ሌሊቶች ደግሞ ከጥቂት "ጽጌረዳዎች" በቀር ምንም ላያገኝ ይችላል። የቤት ኪራዩ ግን በየወሩ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ሥራ ያጡ፣ ወይም ደመወዛቸው ወር አላደርስ ያላቸው በርካታ ወጣቶች የቀጥታ ሥርጭትን እንደ መተዳደሪያ መመልከት ጀምረዋል። ለመጀመር ሱቅ መከራየት፣ ዲግሪ ማቅረብም ሆነ ዘመድ መፈለግ አያስፈልግም፤ ስልክና ኢንተርኔት ይበቃል። በሩ ሰፊ የሆነውን ያህል ግን በሥራው የሚዘልቁት ጥቂቶች ናቸው። ለምን?

ስጦታው እንዴት ገንዘብ ይሆናል?

ቲክቶክ ላይ ተመልካቹ ለአቅራቢው በቀጥታ ገንዘብ አይልክም። በመጀመሪያ ከመተግበሪያው "ኮይን" የሚባለውን የመድረኩን መገበያያ በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል። በኮይኑ ደግሞ በስክሪኑ ላይ ብቅ የሚሉ ሥዕላዊ ስጦታዎችን ገዝቶ ይልካል። ትንሿ ስጦታ ጽጌረዳ አንድ ኮይን ታወጣለች፤ ይህም ለገዢው ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ጥቂት ቢበልጥ ነው። "አንበሳ" በአንጻሩ 29 ሺህ 999 ኮይን ያወጣል፤ ወደ 400 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው።

ስጦታው አቅራቢው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ስሙን ቀይሮ "ዳይመንድ" ይሆናል። ወደ ዶላር የሚመነዘረው ዳይመንዱ ነው። ገንዘቡ ሦስት ስም እየለወጠ ስለሚጓዝ በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደተቀነሰ ለላኪውም ለተቀባዩም ወዲያው አይታያቸውም። ላኪው "አንበሳ ሰጠሁት" ይላል፤ ተቀባዩ የሚያየው የዳይመንድ ቁጥር ነው፤ ባንክ የሚገባው ሌላ ነው።

በዚህ መንገድ መሥራት የሚችለውም ሁሉም ሰው አይደለም። በብዙ አገሮች ቢያንስ 1 ሺህ ገደማ ተከታይ ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር (እአአ) ከ2022 መገባደጃ ጀምሮም ቲክቶክ በቀጥታ ለማስተላለፍ የሚፈቅደውን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ16 ወደ 18 ዓመት ከፍ አድርጓል።

ከ106 ዶላር ስንት ይደርሳል?

በመንገድ ላይ የሚቀረውን ገንዘብ በግልጽ ካሳዩት ሙከራዎች አንዱ የተደረገው በሶሪያ ነው። ቢቢሲ እአአ በ2022 በሶሪያ መጠለያ ጣቢያዎች ሆነው በቲክቶክ ቀጥታ ሥርጭት ስለሚለምኑ ቤተሰቦች ባደረገው ምርመራ፣ ከለንደን 106 ዶላር የሚያወጣ ስጦታ ሶሪያ ወዳለ የሙከራ ገጽ ተልኮ ነበር። ሥርጭቱ ሲያበቃ በተቀባዩ ገጽ ላይ የተገኘው 33 ዶላር ነው።

በዚህ አላበቃም። ገንዘቡን ከሐዋላ ቤት ለማውጣት ተጨማሪ አስር በመቶ ተቆረጠ። ስልክና መስመር የሚያቀርቡላቸው ደላሎች ከቀሪው 35 በመቶ እንደሚወስዱ ሲታሰብ፣ አንድ ቤተሰብ እጅ የሚገባው 19 ዶላር ብቻ ይሆናል። ቲክቶክ በወቅቱ ከስጦታ የሚወስደው ድርሻ ከ70 በመቶ እጅግ ያነሰ መሆኑን ገልጾ፣ ትክክለኛውን መጠን ግን ከመናገር ተቆጥቧል።

ከኪሱ የሚቆርጠው መድረኩ ብቻ አይደለም። ተመልካቹ ኮይኑን በስልኩ መተግበሪያ በኩል ሲገዛ አፕልና ጉግል ከመተግበሪያ መደብሮቻቸው ሽያጭ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ኮሚሽን ይወስዳሉ። ዩቲዩብን በመሰሉ መድረኮች ላይ ክፍፍሉ የተሻለ ግልጽነት አለው፤ በቀጥታ ሥርጭት ወቅት ተመልካቾች ከሚከፍሉት 70 በመቶው የአቅራቢው እንደሆነ ኩባንያው በይፋ አስቀምጧል። ይሁን እንጂ ዩቲዩብ ሙሉ የገቢ ተጋሪነትን ለመስጠት ሺህ ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4 ሺህ የዕይታ ሰዓት፣ ወይም ከፍ ያለ የአጫጭር ቪዲዮ ዕይታ ይጠይቃል።

ስሌቱን ቀለል አድርጎ ማየት ይቻላል። ተመልካቾች በአንድ ሌሊት የ10 ዶላር ስጦታ ቢልኩና እንደ ሶሪያው ሙከራ ሲሶው ቢደርስ፣ አቅራቢው ሦስት ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ያገኛል። ለዚያ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ተናግሯል፤ ለዳታም ከፍሏል። ጥራቱ መካከለኛ የሆነ የቪዲዮ ሥርጭት በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋባይት ገደማ ይበላል። ስለዚህ ወጪው የተረጋገጠ ነው፤ ገቢው ግን አይደለም።

ጥቂቶች ብቻ የሚጠግቡበት ገበታ

ችግሩ የምሥራቅ አፍሪካ ብቻ አይደለም። በዓለም ከሚታወቁት የቀጥታ ሥርጭት መድረኮች አንዱ የሆነው ትዊች እአአ በ2011 ተመሥርቶ፣ በ2014 አማዞን በ970 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። በጥቅምት 2021 የኩባንያው ምሥጢራዊ መረጃ ሾልኮ ሲወጣ ለአቅራቢዎቹ የከፈለው ገንዘብ ዝርዝርም አብሮ ወጣ። መረጃውን የመረመሩ ጋዜጠኞች እንዳሳዩት ከሁሉም የላቀ ገቢ ያላቸው አንድ በመቶ የሚሆኑ አቅራቢዎች ከክፍያው ከግማሽ በላይ ይወስዱ ነበር። በዝርዝሩ አናት የነበሩት በሁለት ዓመት ውስጥ ሚሊዮኖች ዶላር ሲያገኙ፣ እጅግ የሚበዙት የሚያገኙት ከኪስ ገንዘብ የማያልፍ ነበር።

ትዊች ለዓመታት ለገቢ ማግኛ መነሻ አድርጎ ካስቀመጣቸው መስፈርቶች አንዱ በአማካይ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ እየተመለከቱ መገኘታቸው ነው። ሦስት ሰው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በተመሳሳይ ሰዓት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሚያሰራጩበት መድረክ፣ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎችን ለሰዓታት ማቆየት ለአዲስ ጀማሪ ትልቅ ፈተና ነው። የመድረኮቹ አሠራር በአብዛኛው ተመልካች ያለውን ሥርጭት ወደ ፊት ያመጣል፤ የሌለውን ወደ ኋላ ያስቀራል። ያለው ይጨመርለታል፤ የሌለው ማንም ሳያየው ያወራል።

በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ገደብ አለ። የተመልካቹ ቁጥር በቋንቋው ተናጋሪዎች የታጠረ ነው። ከእነርሱ መካከልም የውጭ ምንዛሪ የሚያንቀሳቅስ የባንክ ካርድ ያለው ጥቂቱ ነው። ስለሆነም ተመልካቹ አገር ቤት፣ ከፋዩ ውጭ አገር ይሆናል።

ከፋዩ ማን ነው?

የቀንዱ አገሮች የቀጥታ ሥርጭት በአብዛኛው የቆመው በስደት በሚኖሩ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ በሁለትና በሦስት ፈረቃ የሚሠሩ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በሊባኖስና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ ሰዎች ሌሊቱን የአገራቸውን ቋንቋ ለመስማት ስልካቸውን ይከፍታሉ። አቅራቢው ስማቸውን ጠርቶ ሲያመሰግናቸው፣ ሲመርቃቸው፣ ስለ ጤናቸው ሲጠይቃቸው፣ ለዚያ ጊዜ ብቸኝነታቸው ይቀላል። ስጦታው ለመዝናኛ የሚከፈል ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የናፍቆትም ዋጋ አለበት።

አቅራቢው የሚኖርበት ገንዘብ እንግዲህ በላብ የተገኘ የሌላ ሰው ደመወዝ ነው። ላኪው ሥራ ሲያጣ፣ ቤተሰብ ሲታመምበት፣ ወይም ሲሰለቸው የአቅራቢውም ገቢ ይቆማል። ውል የለም፤ ማስጠንቀቂያ የለም፤ ትናንት "አንበሳ" የላከ ሰው ዛሬ ባለመምጣቱ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም።

ይህን ያልተረጋጋ ገቢ ከፍ ለማድረግ ከተፈጠሩት መንገዶች ዋነኛው ሁለት አቅራቢዎች ፊት ለፊት የሚገጥሙበት ውድድር ነው። ግጥሚያው ብዙውን ጊዜ አምስት ደቂቃ ይቆያል። በሰዓቱ ውስጥ ብዙ ስጦታ የተላከለት ያሸንፋል፤ የተሸነፈው አንዳንዴ አሸናፊው ያዘዘውን "ቅጣት" ይፈጽማል። ደጋፊዎች የእኔ ወገን አይሸነፍም በሚል እልህ በደቂቃዎች ውስጥ ከአቅማቸው በላይ ሊያወጡ ይችላሉ።

እልሁ ከግለሰብ አልፎ ወደ ማንነት ሲሸጋገር አደጋው ይከፋል። በሶማሊያውያን ዘንድ ጎሳን ከጎሳ የሚያፎካክሩ የቀጥታ ሥርጭት ግጥሚያዎች ብዙ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ፣ የዚያኑ ያህልም የሚያሳስቡ ሆነዋል። የሶማሊያ መንግሥት እአአ በነሐሴ 2023 ቲክቶክና ቴሌግራም በአገሪቱ እንዲዘጉ ማዘዙን ሲያስታውቅ ምክንያት ያደረገው ሽብርተኝነትንና ከሥነ ምግባር የወጡ ይዘቶችን ነበር። መድረኩ ግን ከሶማሊያውያን ስልክ አልጠፋም። ለአቅራቢው ጥያቄው ከባድ ነው፦ ሰላማዊ ወግ ጥቂት ጽጌረዳ ያመጣል፤ ጠብ ብዙ አንበሳ ይጠራል።

መስመር ሲቋረጥ እንጀራም ይቋረጣል

ቪዲዮ ቀርጾ የሚለጥፍ ሰው ኢንተርኔት እስኪመለስ መጠበቅ ይችላል። የቀጥታ ሥርጭት አቅራቢ ግን መስመሩ ሲቋረጥ ሥራው ቆመ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ገደብ ተጥሎ ነበር። ቪፒኤን የሚጠቀሙ ሰዎች በእጅ አዙር ቢገቡም፣ መስመሩ ስለሚንቀራፈፍ ለቀጥታ ሥርጭት አይመችም። በትግራይ በጦርነቱ ምክንያት ኢንተርኔት ለሁለት ዓመት ገደማ ተቋርጦ ቆይቷል። በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በእነዚህ አካባቢዎች የነበረ አቅራቢ ምንም ያህል ተከታይ ቢኖረው፣ ሥራውን ለመቀጠል ሌላ ከተማ መሄድ ነበረበት።

በኡጋንዳ ፌስቡክ ከጥር 2021 ምርጫ ዋዜማ ጀምሮ ተዘግቷል። አገሪቱ እአአ በ2018 ማኅበራዊ ሚዲያ በሚጠቀሙ ሰዎች ላይ የጣለችውን የቀን 200 ሽልንግ ክፍያ በ2021 አንስታ፣ በምትኩ በኢንተርኔት ዳታ ላይ የ12 በመቶ ቀረጥ ጥላለች። ቀረጡ የሚከፈለው ገና ከገቢው በፊት ነው፤ ዳታ የገዛ ሁሉ፣ ስጦታ አገኘም አላገኘም፣ ይከፍላል።

ኬንያ ደግሞ የመረጠችው ገቢውን መቅረጥ ነው። የ2023ቱ የፋይናንስ ሕግ ከዲጂታል ይዘት በሚገኝ ገቢ ላይ የአምስት በመቶ ቅድመ ግብር ደንግጓል። መነሻ ሐሳቡ 15 በመቶ ነበር፤ ከብርቱ ተቃውሞ በኋላ ነው የቀነሰው። የኬንያ አቅራቢዎች ግን ከጎረቤቶቻቸው የሚሻሉበት አንድ ነገር አለ፤ ኤምፔሳን የመሰለ እአአ ከ2007 ጀምሮ የተዘረጋ የሞባይል ገንዘብ ሥርዓት ገንዘቡ ከውጭ ከገባ በኋላ በእጃቸው እንዲደርስ ያቀልላቸዋል።

በኢትዮጵያ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የአገር ውስጥ ክፍያን አቀላጥፏል። ከውጭ መድረኮች ዶላርን በቀጥታ መቀበል ግን አሁንም ለብዙዎች አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ውጭ አገር ባለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሒሳብ የሚጠቀሙ አሉ። ያ ደግሞ እምነት ይጠይቃል፤ ሌላ ተቀናሽም ያስከትላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር ለሚከፈላቸው ይህ እንደ ጭማሪ ቢቆጠርም፣ የስልክና የሌሎች ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋም አብሮ ስለወጣ ጥቅሙ በከፊል ተበልቷል።

በቀጥታ የተነገረ አይታረምም

ጋዜጣ አርታኢ አለው፤ ተቀርጾ የሚቀርብ ፕሮግራምም ይቆረጣል። በቀጥታ ሥርጭት ግን ከአፍ የወጣ ቃል ተመልሶ አይገባም። የሚጋበዘው እንግዳ ምን እንደሚል አቅራቢው አያውቅም፤ ስጦታ የላከ ደጋፊ መድረኩን ሲጠይቅ ደግሞ መከልከል ይከብዳል።

የኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሚሠራጭ ሐሰተኛ መረጃ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ሊያስቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል። ለአቅራቢው የተከታይ ቁጥር ማደግ የገቢ ተስፋ ነው፤ በሕግ ፊት ግን ተጠያቂነትን የሚያከብድ ቁጥርም ነው። ታንዛኒያ እአአ በ2018 ባወጣችው ደንብ በኢንተርኔት ይዘት የሚያቀርቡ ሰዎች ከ900 ዶላር በላይ የሚያስወጣ ፈቃድ እንዲያወጡ ጠይቃ ነበር። በኡጋንዳም እአአ በ2024 አንድ የ24 ዓመት ወጣት ፕሬዚዳንቱንና ቤተሰባቸውን በቲክቶክ ሰድቧል ተብሎ የስድስት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

ከመንግሥት በተጨማሪ መድረኩ ራሱም ዳኛ ነው። መመሪያ ተጥሷል ተብሎ ገጽ ሲታገድ የዓመታት ተከታይ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ይግባኝ ማለት ቢቻልም፣ ውሳኔው እስኪመጣ ያለው ጊዜ ገቢ የሌለበት ነው።

ዕረፍትም ዋጋ አለው

እአአ በሰኔ 2018 በወቅቱ በትዊች ከፍተኛ ተመልካች የነበረው አሜሪካዊው "ኒንጃ" ለሁለት ቀን ላልሞላ ጊዜ ከሥርጭት በመራቁ 40 ሺህ ከፋይ ተከታዮች እንዳጣ ተናግሮ ነበር። በሚሊዮኖች የሚያገኝ ሰው ሁለት ቀን ማረፍ እንዲህ ካስከፈለው፣ በቀን ሦስት ዶላር የሚያገኘው ለማረፍ የሚደፍርበት ምክንያት አይኖረውም። ሕመም፣ ሐዘን፣ ወሊድ ሁሉ ያለ ክፍያ ነው። ጡረታና የሥራ ላይ ጉዳት ካሳም የለም።

በዚህ ግፊት መሐል "ኤጀንሲ" የሚባሉ ወኪሎች ይገባሉ። አዳዲስ አቅራቢዎችን ይመለምላሉ፤ ያሠለጥናሉ፤ በወር መሟላት ያለባቸውን ቀንና ሰዓት ይሰጣሉ፤ በአቅራቢዎቹ ገቢ ልክም ጥቅም ያገኛሉ። አንዳንዶቹ በእርግጥ ያግዛሉ። ነገር ግን አቅራቢው አለቃ፣ የሥራ ሰዓትና ግዴታ እያለው የሠራተኛ መብት የሌለው ሰው ይሆናል።

የከፋውም ታይቷል። ቢቢሲ እአአ በመጋቢት 2025 ባወጣው ምርመራ በኬንያ ዕድሜያቸው ያልደረሱ ታዳጊዎች ጭምር በቲክቶክ የቀጥታ ሥርጭት ለወሲብ ብዝበዛ መጋለጣቸውን፣ ከስጦታውም ደላሎችና መድረኩ ተጠቃሚ መሆናቸውን ዘግቧል። ቲክቶክ እንዲህ ያለውን ብዝበዛ ፈጽሞ እንደማይታገስ ምላሽ ሰጥቷል። ድህነት፣ ስልክና በስጦታ የሚከፍል የማይታወቅ ተመልካች በአንድ ክፍል ሲገናኙ፣ "ትንሽ ጨምሪ" የሚለውን ጥያቄ እምቢ ማለት ለሚቀጥለው ቀን ምሳ ለሌላት ልጅ ቀላል አይደለም።

ታዲያ የሚዘልቁት እንዴት ነው?

በሥራው ዓመታት የቆዩት በአብዛኛው ስጦታን ብቸኛ ገቢያቸው ያላደረጉ ናቸው። የቀጥታ ሥርጭቱ እንደ ገበያ መጥሪያ ደወል ያገለግላቸዋል። ልብስ ወይም መዋቢያ የሚሸጡ ዕቃቸውን ያሳያሉ፤ ሙዚቀኞች ሠርግና ዝግጅት ያገኙበታል፤ ቋንቋ ወይም የሒሳብ ሥራ የሚያስተምሩ ተማሪ ይመዘግባሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከአገር ውስጥ ነጋዴዎች ጋር በብር የማስታወቂያ ውል ይፈጽማሉ። በዚህ መንገድ የሚገኘው ገንዘብ ከመድረኩ ተቀናሽም ከምንዛሪ ውጣ ውረድም የራቀ ነው።

ሌላው ልዩነት ልማድ ነው። በየቀኑ ሌሊቱን ሙሉ ከመቀመጥ ይልቅ በሳምንት የታወቁ ቀናትና ሰዓታት መያዝ ተመልካቹንም አቅራቢውንም ያሳርፋል። ተከታዮችን በአንድ መድረክ ብቻ አለማስቀመጥ፣ ለምሳሌ በቴሌግራም ቻናል ጭምር ማሰባሰብ፣ ገጽ ሲታገድ ወይም መድረክ ሲዘጋ ከዜሮ ከመጀመር ያድናል። ዳታን፣ መብራትንና የጠፋውን ሰዓት ጨምሮ ወጪን መመዝገብ ደግሞ አንድ ደስ የማይል ጥያቄን ለመመለስ ይረዳል፦ ይህ ሥራ በሰዓት ስንት ይከፍለኛል?

ለብዙዎች መልሱ በአካባቢያቸው ካለ የቀን ሥራ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። አንዳንዶች ይህን ካወቁ በኋላም ይቀጥላሉ፤ የቀን ሥራውም የለምና። ሌሎች ቀን ሌላ ሥራ ይዘው፣ ሥርጭቱን ለቅዳሜና እሑድ ያደርጉታል። ዋሽንግተን ውስጥ ስልኩን የሚያነሳው ተመልካች ይህን ሁሉ ላያውቅ ይችላል። እርሱ የሚያየው መብራት ፊት የተቀመጠ፣ ስሙን እየጠራ የሚያመሰግነው ሰው ነው። ከላከው መቶ ዶላር ምን ያህሉ ለዚያ ሰው እንደሚደርስ ሊያሳየው የሚችለው መድረኩ ነው። ያ ቁጥር ግን ከስጦታው ሥዕል አጠገብ አይጻፍም።